ለማይቆም ባቡር የተሰቀለ ከረጢት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ የጣት ጥፍር የምታክል ከረጢት ከአንድ ቀጭን እንጨት ላይ መስቀል ነው። ከሰቀልኩ በኋላ አንድ መጫወቻ የሚመስል ባቡር ይመጣል፤ ሳይቆም፣ በጎኑ በወጣች የሽቦ መንጠቆ ከረጢቷን ነጥቆ ይሄዳል። ከነጠቃት ደስ ይለኛል። ካልነጠቃት እሳደባለሁ። ሰው «አሁን ምን ትሠራለህ?» ሲለኝ ይህንኑ እነግረዋለሁ፣ እሱም አንገቱን አዘንብሎ ያዝንልኛል። ማዘን ከነበረበትስ ያኔ ነበር፣ ጉልበቴ ደህና እያለ በፋብሪካ የሰው ሽንት ቤት ሳጥብ። ያኔ ግን ሁሉም «ጥሩ ሥራ ይዘሃል» ነበር የሚለኝ።

ነገሩን ያመጣብኝ ጓደኛዬ ነው። ፍራንክፈርት ዳር፣ ጻይልስሃይም የሚኖር ኤርትራዊ ነው፤ ሆኽስት ካለው የኬሚካል ፋብሪካ አብረን ጡረታ ወጥተናል። እሱ በልጅነቱ በአማርኛ የተማረ ሰው ነው። እኔ ደግሞ አማርኛን ከእናቴ ጡት ጋር ጠባሁት እንጂ ፊደሉን ያወቅኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ፣ እዚሁ ፍራንክፈርት፣ በፋብሪካው የልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ነው። በእረፍት ሰዓት ካርቶን ይቀድና «በል ሀ በል! አፍህን ክፈት እንጂ፣ ጥርስ ሐኪም ፊት የተቀመጥክ ይመስል!» ይለኝ ነበር። ትግርኛ በሚነገርበት ቤት ያደገ ሰው የአማርኛ ፊደል አስተማረኝ። ይህንንም እስካሁን በየሰበቡ ያነሳብኛል፤ ሻይ ልጋብዘው ስረሳ እንኳ «ያስተማርኩህን ፊደል መልስልኝ» ይላል።

አንድ ቀን ይኸው ሰው ጎረቤቱ የሆኑ አንድ ጀርመናዊ ሽማግሌ ቁም ሳጥን የሚሸከምላቸው ሰው እንደሚፈልጉ ነገረኝና ሄድን። ቁም ሳጥኑን ይዘን ሆኽስት ውስጥ ወደ አንድ ኬለር፣ ማለት ወደ አንድ ምድር ቤት ወረድን። መብራቱ ሲበራ ያየሁትን አልረሳውም። አዳራሹን የሞላ ጠረጴዛ። በጠረጴዛው ላይ ተራራ፣ ወንዝ፣ ድልድይ፣ መንደር፣ ከመንደሩ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ላሞች፤ በዚህ ሁሉ መሀል ደግሞ ባቡሮች ይሮጣሉ። ዙሪያውን ጠጉራቸው የነጣ ሰዎች መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ቆመዋል። አንዱ በወረንጦ ላም ሲያስተካክል ነበር። ላሟ ፊቷን ወዴት ማዞር እንዳለባት ከሌላው ጋር ይከራከራል።

ጓደኛዬ በጆሮዬ «አየህ? እኛ ስንሞት ገነት እንሄዳለን፤ እነሱ አስቀድመው ሠርተው ጨርሰዋል» አለኝ።

ሽማግሌው የዚያ ፌራይን፣ የዚያ ማኅበር ሊቀ መንበር ናቸው። በማኅበሩ ሁሉም አንተ ተባባይ ነው፤ እኔንም በጀርመንኛ አንተ በለኝ ብለውኛል። እላቸዋለሁ፤ ሌላ ምን አማራጭ አለኝ። በሆዴ ግን አንቱ ናቸው፣ በጽሑፍም አንቱ ይሁኑ። በወጣትነታቸው በፖስታ ባቡር ነበር የሚሠሩት። ባቡሩ እየሮጠ እሳቸው ከውስጥ ቆመው ደብዳቤ ይለያሉ፤ የዚህን ከተማ በዚህ ቀዳዳ፣ የዚያን በዚያ። ቁም ሳጥኑን ስናስቀምጥ ከግድግዳው ላይ አንድ ሥዕል አሳዩኝ፤ በሌላ አገር ባቡር ሳይቆም ከሐዲዱ ዳር የተሰቀለ የፖስታ ከረጢት ሲነጥቅ።

«እኔ በሥራዬ ዘመን ይህንን አንድም ቀን አላየሁም» አሉ። «ማየት ያማረኝ ነገር ነው።»

«እኔ አይቻለሁ» አልኩ።

አፌን ብዘጋ ኖሮ ዛሬ ሰላማዊ ጡረተኛ ነበርኩ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ላም የያዘው ሰውዬ እንኳ ወረንጦውን አስቀመጠ።

ያየሁት ከአዋሽ ወዲያ፣ ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መስመር ላይ ነው። ያደግኩባት ጣቢያ አንድ የቆርቆሮ ቤት፣ አንድ የውሃ ታንከርና ጥቂት ግራሮች ነበረች። ባቡሩ አንዳንዴ ይቆማል፣ ከዘገየ ግን አይቆምም። በማይቆምበት ቀን የጣቢያው ዘበኛ የፖስታውን ከረጢት በባላ እንጨት ጫፍ አንጠልጥሎ ከፍ ያደርጋል፤ ከመጨረሻው ፉርጎ ላይ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ላፍ ያደርጋታል። ባቡሩ ግን ያን ጊዜ ቀስ ይላል። ቀስ የሚለው ለከረጢቷ ብቻ አልነበረም። ለሰው ነው። በመንደራችን ደብዳቤ መጻፍ የሚችል ብዙ ስላልነበር ሰው ከረጢቷ ውስጥ የሚከተው የለውም፤ መልእክቱን የሚልከው በዚያ በፉርጎው ሰውዬ አፍ ነው። እናቴ ድሬዳዋ ወንድም ነበራት። ባቡሩ አጠገቧ ሲደርስ «ደህና ነን በልልኝ! ፍየሏ ወልዳለች በለው!» ትላለች። ሰውዬው እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል። ከረጢቷ ትነጠቃለች፣ ባቡሩ ያልፋል። ያኔ እናቴ አንድ የረሳችው ነገር ትዝ ይላታል። ሁልጊዜ ነው የምትረሳው። ነጠላዋን በአንድ እጇ ሰብስባ ከባቡሩ ጋር ትሮጣለች።

ይህንን ሁሉ በተሰባበረ ጀርመንኛዬ ነገርኳቸው። ሊቀ መንበሩ ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ ሰሙኝና «እንጨቱ ስንት ሜትር ነበር?» አሉ።

«እኔ እንጃ» አልኩ። «እናቴን ነበር የማየው።»

ቢሆንም ከጠረጴዛው ላይ አንድ ማዕዘን ሰጡኝ፤ ከደረጃው ሥር፣ የሚገባ የሚወጣ ሁሉ የሚያልፍበት። ቦታውን ሌላ ሰው ሲመኘው ኖሯል። ያ ላም አስተካካዩ ሰውዬ፣ በትናንሽ አምፖሎች ያጌጠ የቢራ ጠጪዎች ግቢ ሊሠራበት አስቦ አግዳሚዎቹን ሳይቀር ገዝቶ ነበር። ስለዚህ ሊቀ መንበሩ ፈረዱ። በጸደይ ማኅበሩ በሩን ለሕዝብ የሚከፍትበት ቀን አለ። በዚያ ቀን፣ በሰው ፊት፣ ባቡሩ በፕላኑ፣ ማለት በሰዓት ሰሌዳው መሠረት በሰዓቱ እየሮጠ ከረጢቷን ከነጠቀ ማዕዘኑ የእኔ ነው። ከወደቀች፣ ወይም ባቡሩ ከዘገየ፣ የቢራው ነው።

ሰው ለአንድ ክንድ ጣውላ እንዲህ ይንገበገባል ወይ ትሉኝ ይሆናል። ልንገራችሁ። የቆርቆሮ ቤቷን ሠርቼ ስጨርስ በግንባሯ ላይ ሰሌዳ ሰቀልኩላት፤ ከክብሪት እንጨት ታጥራለች። በላይዋ ጥቂት ፀጉር በቀረው ብሩሽ «ፖስታ» ብዬ ጻፍኩ። በፊደል። ሦስት ፊደል ናት፤ ግን ስንት ሰሌዳ አበላሸሁባት። ዕድሜዬን ሙሉ የጻፍኩት ነገር ቢኖር በየቢሮው ወረቀት ሥር የሚገባ ስሜን ነው፤ ያንንም ማንም ወድዶ አላነበበውም። ይቺን ግን ሰው ከደረጃው ሲወርድ ዓይኑ ያርፍባታል። አንብቦ ባይገባው እንኳ የሆነ ሰው የጻፋት መሆኗን ያያል። እና ይህችን ሰሌዳ ነቅዬ ለቢራ ጠጪ ልለቅ? በፕላስቲክ ቢራ ጠጪ ልሸነፍ?

ለጣቢያዋ ሰው ስፈልግ ሱቁ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ሰዎች ሁሉ ባርኔጣ ያደረጉ ጀርመኖች ሆኑብኝ። በመጨረሻ ባቡር ያመለጣቸው መንገደኞች የሚሸጡበት ፓኬት አገኘሁ። ከመሀላቸው አንዲት ሻንጣ ይዛ የምትሮጥ ሴት ነበረች። ሻንጣዋን በምላጭ ቆረጥኩላት፣ ፊቷን ጠየም አደረግኩት፣ ከመሐረብ ወረቀት ነጠላ አለበስኳት። ከሐዲዱ ዳር አቆምኳት፤ ባቡሩን ተከትላ ትሮጣለች።

ሊቀ መንበሩ መነጽራቸውን አወረዱ። «ይህቺ ምንድን ናት?»

«የረሳችው ነገር ስላለ ነው የምትሮጠው።»

«ከሐዲዱ እዚህ ድረስ ሰው መቆም ፌርቦተን ነው፣ ክልክል ነው።»

«ሰው አይደለችም፣ ፕላስቲክ ናት።»

«ፕላስቲክም ቢሆን።»

አነሳኋት፤ ባዶ የክብሪት ቀፎ ውስጥ አድርጌ ኪሴ ከተትኳት። እኚህን ሰውዬ ፈጣሪ ራሱ ቢሞግታቸው ደንቡን አሳይተው ይመልሱታል።

ከረጢቷን የሰፋችልኝ ባለቤቴ ናት። ከአሮጌ የቆዳ ጓንት ጣት ቆርጣ፣ ዓይኔን አጥብቤ እንኳ ሊታየኝ በማይችል ስፌት ሰፍታ፣ አፏን በክር አሥራ «ይኸው ፖስታህ» ብላ ሰጠችኝ። ከረጢቷ በጣም ቆንጆ ናት። ሰቀልኳት፤ ባቡሩን ለቀቅኩት። ባቡሩ መጣ፣ መንጠቆው ከረጢቷን ያዘና ባቡሩ በጎኑ ዘፍ ብሎ ተኛ።

እንደገና። እንደገና ተኛ። መንጠቆውን አጠፍኩ፣ አቀናሁ፣ አሳጠርኩ። እንጨቱን ወደ ሐዲዱ አስጠጋሁ፣ መልሼ አራቅኩ። የባቡሩን ጎማ አጸዳሁ። ከረጢቷ ወይ ትወድቃለች፣ ወይ ባቡሩን ይዛው ትወድቃለች። ቢራውን ያቀደው ሰውዬ በየጊዜው መጥቶ ማዕዘኔን በሜትር ለክቶ ይሄዳል። ጓደኛዬ ደግሞ ወንበር ስቦ ተቀምጦ ያየኝና «ፊደልም እንዲህ ነበር ያስለፋኸኝ። ጎበዝ፣ ቀጥል፣ በሚቀጥለው ፋሲካ ትይዘዋለህ» ይለኛል።

አንድ ቀን ቤት ይዣት መጥቼ በጣቴ ስመዝናት ከበደችኝ። ጥፍር የምታክል ነገር እንዴት ትከብዳለች?

«አንቺ፣ ይህቺን ከረጢት ምን አድርገሽባት ነው?»

ባለቤቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቀና አላለችም። «ሰፋኋት። ምን አደርግባታለሁ?»

«ውስጧስ?»

«ትንሽ ጤፍ።»

«ጤፍ!»

«እና ባዶዋን ልስጥህ?» አሁን ቀና አለች። «ሰው ባዶ ከረጢት ይልካል? ምን ይሉናል?»

«ማን ነው የሚለው? የሚቀበላት እኮ ማንም የለም! ሐዲዱ ክብ ነው፤ ባቡሩ ዞሮ ዞሮ እኔው ጋ ነው የሚመጣው!»

«ታዲያ ላንተስ ባዶ ልላክልህ?»

ይህቺ ሴት በየዓመቱ ፍራንክፈርት አየር ማረፊያ ሚዛኑ ፊት ሻንጣዋን መሬት ላይ ዘርግታ ከአንዱ ወደ ሌላው ስታዘዋውር የምትገኘው ሴት ናት። አገር ቤት ልንሄድ ነው ከተባለ ከከተማው ሌላ ዳር፣ ከፕሮይንገስሃይም ሳይቀር ሰው ይመጣል፤ አንዱ መድኃኒት፣ አንዷ የሕፃን ጫማ፣ ሁሉም «ትንሽ ነገር ናት፣ አደራ» ይላል። እምቢ አትልም። የራሷን ልብስ አውጥታ የሰውን ትከታለች። ከሚዛኑ ፊት የምጨቃጨቀው፣ በመጨረሻም የክረምት ካፖርት በበጋ ደርቤ አውሮፕላን የምሳፈረው እኔ ነኝ። ይህንን ሁሉ እያወቅኩ ከረጢቷን ለዚህች ሴት አሰፋሁ። ጥፋቱ የማን ነው?

ጤፉን ወደ ማሰሮው መለስኩት። ደግሞ በዚህ አገር ጤፍ ስንት እንደሚሸጥ እናንተም ታውቃላችሁ። በማግስቱ ባዶዋን ሰቀልኳት። ባቡሩ እየበረረ መጣ፤ ጠቅ አደረጋት፤ ይዟት ሄደ። ምንም አልተንገዳገደም። ሊቀ መንበሩ አጨበጨቡ። ሰዓታቸውን አዩ፣ ፕላናቸውን አዩ፣ «ፐንክትሊኽ!» አሉ፤ በሰዓቱ ማለት ነው፤ ከጀርመን አፍ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና አይወጣም።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ከረጢቷ ግን ከመንጠቆው ላይ እንደ ደረቀ ቅጠል ስትርገፈገፍ ሳያት ሆዴ አልወደዳትም። ጓደኛዬም አየና «በቃ አንተ ጀርመን ሆነሃል» አለኝ። «ባዶ ፖስታ በሰዓቱ ታደርሳለህ።»

የበሩ መክፈቻ ቀን ደረሰ። ሰው ከደረጃው ላይ ጀምሮ ሞላ፤ አባቶች ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ ከአንድ ጥግ ኬክ ይሸጣል። ሊቀ መንበሩ የድሮ ዩኒፎርም ኮታቸውን ለብሰው፣ ማይክሮፎን ይዘው፣ የእያንዳንዱን ባቡር መምጣትና መሄድ ያስታውቃሉ። እኔ ከማዕዘኔ ቆሜ የፖስታ ባቡሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረውን ማዞሪያ ይዣለሁ። ከረጢቷን ሰቅያለሁ።

ያኔ ባለቤቴ ከቤተ ክርስቲያን ጓደኞቿ ጋር ወረደች። ነጠላቸውን እንደለበሱ ከቅዳሴ ቀጥታ ነው የመጡት። ባዶ እጃቸውንም አልመጡም፤ ጥቁር አዝሙድ የተነሰነሰበት ትልቅ ድፎ ዳቦ ይዘው ከኬኩ አጠገብ አስቀመጡ። ጀርመኖቹ ዳቦውን ከበቡት፣ ሴቶቹ ደግሞ እኔን ከበቡኝ።

«ውይ፣ ግራሯን እይዋት!»

«ቆርቆሮዋ ዝጋለች እኮ! ዝገቱን ሳይቀር ሠርቶታል!»

«‹ፖስታ› ይላል፣ ‹ፖስታ›! በአማርኛ! ማን ጻፈው?»

«እኔ» አልኩ። ጓደኛዬ ከኋላዬ ጉሮሮውን ጠረገ። «እሱ አስተምሮኝ» ብዬ ጨመርኩ፤ ካልጨመርኩ አይለቀኝም።

ከመሀላቸው አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ነበሩ፤ ሁሉም እትዬ ነው የሚሏቸው። ዱላቸውን ከጠረጴዛው አስደግፈው ጎንበስ አሉና «እቺ የተሰቀለችው ምንድን ናት?» አሉኝ።

«የፖስታ ከረጢት ናት፣ እትዬ። አሁን ባቡሩ መጥቶ ይወስዳታል።»

«ውስጧ ምን አለ?»

«ምንም።»

«ምንም?» ብለው ወደ ባለቤቴ ዞሩ። ባለቤቴ ትከሻዋን ነቀነቀች፤ እኔ የለሁበትም ለማለት። ያቺ ትከሻ ስንት ነገር እንዳበላሸችብኝ።

«ኧረ ነውር ነው!» አለች አንዷ። «ይህን ያህል ሠርተህ ባዶ!»

በዚህ መሀል አንድ አባት ልጁን ከፍ አድርጎ ሽቦው እንዴት እንደሚይዝ አስረዳን አለኝ። ዞሬ ሳስረዳ፣ በጀርመንኛ ቃል ሲጠፋኝ፣ ቃል ስፈልግ፣ ብዙ ቆየሁ መሰለኝ። ስመለስ ከረጢቷ ከእንጨቱ ላይ የለችም። ሴቶቹ መሀል ናት። አንዷ አፏን ፈትታ ይዛለች፤ ሌሎቹ ከዳቦው ላይ ጥቁር አዝሙድ በጥፍራቸው እየለቀሙ አንድ አንድ ፍሬ ይጨምራሉ።

«ይቺ ለእህቴ፣ ሽቱትጋርት።»

«ይቺ ለልጄ፣ ቦሌ ነው ያለው። አደራ!»

«ኧረ ሴቶች!» አልኩ። «ኧረ በእግዚአብሔር! ባቡሩ ይወድቃል! ባቡሩ እኮ የትም አይሄድም፣ እዚሁ ነው የሚዞረው!»

«ይዙር» አሉ እትዬ፣ ከአንገታቸው ክር ላይ ትንሽ ዶቃ እያወጡ። «ይቺ አሥመራ ላለችው እህቴ ናት። መንገዱን አይስተውም።» ዶቃዋን ጨመሩ። ባለቤቴ የከረጢቷን አፍ በክር ቋጠረች፤ ቋጠሮዋን አውቀዋለሁ፣ በጥርስም አይፈታ። እትዬ ተቀብለው መዳፌ ላይ አኖሯትና «አደራህን፣ ልጄ» አሉኝ።

ከበደችኝ። ከጤፉም ትከብዳለች።

«አሁን» አሉ ሊቀ መንበሩ በማይክሮፎን፣ «የፖስታ ባቡራችን፣ በሰዓቱ!»

ሌላ ከረጢት የለኝም። ቋጠሮውን ለመፍታት ጊዜ የለኝም። ደግሞ እውነቱን ለመናገር እትዬ እያዩኝ ዶቃቸውን አውጥቼ ኪሴ የምከትበት አንጀት የለኝም። ሰቀልኳት። እንጨቱ ጎበጠ። ባቡሩ ከዋሻው ወጣ፤ እንደ ፕላኑ እየበረረ ነው። እንዲህ ከመጣ ይነጥቃታል፣ ወዲያው በጎኑ ይተኛል፣ አዝሙዱም ዶቃውም ወለሉ ላይ ይበተናል። ቢራ ያቀደው ሰውዬ ከአጠገቤ ቆሟል፤ ሜትሩን በእጁ ይዟል።

ማዞሪያውን መለስኩት።

ባቡሩ ቀስ አለ። ያ ማለት ከኋላው የሚመጣው ፈጣን ባቡር በራሱ ቆመ፤ የፊተኛው መንገድ ካልለቀቀ የኋለኛው አያልፍም፣ ማሽኑ እንዲያ ነው የተሠራው። ከፈጣኑ ኋላ የዕቃው ቆመ። ከድልድዩ ወዲያ ያለውም ቆመ። ሊቀ መንበሩም ማይክሮፎኑን አፋቸው አጠገብ እንደያዙ ቀሩ። በዚያ አዳራሽ የሚንቀሳቀሰው የእኔ ባቡር ብቻ ነው፤ እያዘገመ፣ ሽማግሌ ደረጃ እንደሚወጣው። መንጠቆው ወደ ከረጢቷ ተጠጋ። ነካት። ገፋ አደረጋት። ቀለበቷ ገባችለት። ባቡሩ አንድ ጊዜ ዘንበል ሲል ሁላችንም አብረን ዘንበል አልን። ከዚያ ተቃና፤ ይዟት ሄደ።

ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ኬክ ሲቆርጥ የነበረው ሰውዬ ቢላዋውን ጣለ። አንድ ሕፃን አለቀሰ። ጓደኛዬ ትከሻዬን በቡጢ መታኝ።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ሊቀ መንበሩ መጡ። ፕላኑን በእጃቸው ይዘዋል።

«ባቡሩን ለምን አዘገየኸው?»

«ዕቃው ከባድ ነበር።»

«ማን ፈቀደልህ?»

«ማንም። ሰው በእጄ ሰጥቶኝ እንዳትጥላት አለኝ። አልጣልኳትም።»

ከረጢቷን ጠየቁኝ፤ ሰጠኋቸው። ቋጠሮውን ሊፈቱ ሞከሩ፣ አልተፈታም፤ የባለቤቴ ቋጠሮ ነው። በጣታቸው ደባበሷት፤ አዝሙዱን፣ ዶቃዋን። «በእኛ ጊዜም ከባድ ከረጢት ነበር» አሉ። እኔም ይራራሉ ብዬ ጠበቅኩ። ምን ያራራቸዋል! «ከረጢቷ ተነጥቃለች፤ ይህ አንድ። ባቡሩ ዘግይቷል፤ ይህ ሁለት። ስለዚህ ማዕዘኑ ለሁለት ይከፈላል» ብለው ፈረዱ። ፊት ለፊቱ፣ በዋናው መስመር ዳር ያለው፣ ለቢራው። የእኔ ጣቢያ ወደ ኋላ፣ ከኮረብታው ሥር፣ አንዲት አሮጌ ባቡር ወዲህ ወዲያ ወደምትልበት ቅርንጫፍ መስመር ትዛወራለች። ያ መስመር ፕላን የለውም።

ተናደድኩ። ቤቴ ስገባ በሩን በእግሬ ነው የዘጋሁት። ዕድሜዬን ሙሉ የኋላ በር፣ የኋላ ደረጃ፣ የኋላ ክፍል፤ አሁን ደግሞ በፕላስቲክ አገር እንኳ ቅርንጫፍ መስመር! ባለቤቴ ሰማችኝና «እና እዚያ ማን ያጣድፍሃል?» አለች። ሌላ ነገር አንስቼ ተጣላኋት።

ጣቢያዬን በምላጭ ነቅዬ ወደ ኋላ ወሰድኳት። ቢራ ጠጪዎቹ ከፊት ተተከሉ፤ አግዳሚዎቻቸው፣ ብርጭቆዎቻቸው፣ አምፖሎቻቸው። ሰውዬው አምፖሎቹን ሲያበራ ግን ያላሰብኩት ሆነ። ብርሃኑ ከኋላ ድረስ ይደርሳል፤ ከደረጃው የሚወርድ ሁሉ አሁን ከበፊቱ ይልቅ «ፖስታ»ን አጉልቶ ያያታል። ሰውዬውን አላመሰገንኩትም። እሱም አላስተዋለም፤ ላሟን እያዞረ ነበር።

ባለፈው ብቻዬን ስሠራ የክብሪት ቀፎውን ከኪሴ አወጣሁ። ያቺን የምትሮጥ ሴት በሙጫ ከቅርንጫፉ ሐዲድ ዳር ተከልኳት፤ ነጠላዋ በአንድ ወገን ተሰብስቦ፣ አፏ ተከፍቶ። ከረጢቷን ሰቀልኩ፤ ባዶ አይደለችም፣ ማንም ባዶ እንድትሆን አይፈቅድልኝም። አሮጌዋን ባቡር ለቀቅኩ። መጣች፣ ነጠቀች፣ አለፈች። ቀና ስል ሊቀ መንበሩ ከኋላዬ ቆመዋል። ሴትዮዋን አይተዋታል። አሁን ፌርቦተን ሊሉ ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ።

«ከረጢቱ እኮ ተወስዷል» አሉ። «ለምንድን ነው የምትሮጠው?»

«ነግሬዎት ነበር። የረሳችው ነገር አለ።»

ጎንበስ ብለው ሴትዮዋን አዩ። ቀጥለው ባቡሯን አዩ፤ ሴትዮዋና ባቡሯ መካከል ያለውን ርቀት በዓይናቸው ለኩ። እኚያ ፕላን አምላኪ፣ እኚያ ለደቂቃ የሚሞቱ ሰውዬ፣ በትክክል እንዲህ አሉኝ፦

«እንዲህ ከሆነማ አትደርስበትም። ባቡሩን ትንሽ ቀስ አድርገው እንጂ።»